ኮልፌ ያልደረሰው

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸሎት ከበደ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ ለቀቀሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጁወይሪያ ልጄም ደህና ናት፤ ኢርፋንም ሚስቱ ሁለተኛዋን ወልዳለት እንቅልፍ አጥቶ ይዞራል። ዘንድሮ የእናንተም የእኛም ጾም ገጥሞ ሰፈሩ በሙሉ ቀን ቀን ጭር ብሏል። ደህና ያልሆነ ነገር ቢኖርም ለደብዳቤ አይሆንም።

የላክሽው ወረቀት በሟቹ በአብዱልሃኪም ፖስታ ሣጥን ገብቶ አገኘሁት። ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመቱ፤ ሣጥኑን ስለምን አይመልሱም ትይኝ አልነበር? ይኸው ሥራ አገኘ።

ምነው ዘገዩ ብለሻል። መነጽሬ ጠፍቶ አይደለም፤ ኢርፋንም አልከለከለኝም፣ አላየውምም። አልፈረምኩበትም፣ ይኸው ነው። እንግሊዝኛውን ጁወይሪያ አነበበችልኝ። ከሰውነቴ የተወሰደው ናሙና ለምርምር እንዲቀመጥ ፈቅጃለሁ ይላል አለችኝ። ልጄ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ከሆዴ የወጣው እጢ በነጭ ባልዲ ሆኖ፣ ኢርፋንና አጎቱ ይዘውት ሄደው ኮልፌ ከአብዱልሃኪም ግርጌ ቀብረውታል። ባልዲውን ከሆስፒታሉ ላብራቶሪ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እዚያ ትሠሪ ስለነበር ነው አደራ ያልኩሽ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፍሬ አልናገርም ነበር። ከሰው የተቆረጠ ሥጋ በእኛ አይጣልም፣ ይቀበራል፤ ይህንን ከልጅነትሽ ታውቂያለሽ። ታዲያ የቱ ናሙና ነው የሚቀመጠው?

ቀኑን ደግሞ ክፍት ይተዉት ብለሻል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልኩን ሳላውቅ ጨርቅ አልቆርጥም።

ስልክ አትደውዪ። ስልኬን የሚያነሳው ኢርፋን ነው፤ ግድግዳችንም ኮምፔርሳቶ መሆኑን አትረሺም፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆነን ይማርህ የምንል ሰዎች ነን። በጽሑፍ ንገሪኝ። በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል እስካሁን አልከዳኝም።

እናትሽ ጥሩነሽ ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ነኝ ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

ያሳደግሁሽ ከዲጃ


ጌንት፣ ቤልጅየም
ግንቦት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ከዲጃ፣

እንደምን ሰነበቱ? ኢድ እንዴት አለፈ? ለኢርፋን እንኳን ማርያም ማረችልህ ይበሉልኝ፣ ሕፃኗንም ይሳሙልኝ። ጁወይሪያን አደራ ይበሉልኝ፣ አትቀየመኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አሁንም የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለባሰብኝ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። ባልዲው ውስጥ የነበረው ሁሉም አልነበረም። ሁለት ቁራጭ አስቀርቻለሁ፤ አንደኛው የሽንብራ፣ ሌላው የባቄላ ፍሬ ቢያህል ነው።

ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ እጢው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ለምርመራ የሚሆን መቁረጥ ሥራዬ ነው፤ ያ ለሕክምናዎ ነበር፣ በእሱ አላፍርም። ከዚያ በኋላ ግን ቢላዋውን ሳላስቀምጥ ሁለት ጨመርኩ። በዚያን ጊዜ እዚህ ለመማር አመልክቼ መልስ እጠብቅ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከአገርሽ ናሙና ይዘሽ ብትመጪ መልካም ነው ብሎ ጽፎልኛል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ሰው አለመኖሩን ማየቴ ራሱ ጥፋት መሆኑን እንደማውቅ ያሳያል።

ኢርፋን ለኦፕራሲዮኑ ከሚፈርማቸው ወረቀቶች መሀል የምርምሩንም አስገባሁት። «ይኼስ ምንድነው?» አለኝ። «ያው ነው» አልኩት። «አንቺ ካልሽ» ብሎ ፈረመ።

ባልዲውን ሳመጣ አልጋዎ ላይ ቀና ብለው «ሁሉም ነው?» አሉኝ። «ሁሉም ነው» አልኩ። እጄን ይዘው መረቁኝ። በሦስተኛው ወር ያንን ምርቃት ተቀብዬ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ትምህርቴ በሙሉ የቆመው በዚያ ቁራጭ ላይ ነው። አሁን ጽሑፉ ሊታተም ሲል የሥነ ምግባር ኮሚቴው መዝገቡን አገላብጦ፣ ባለቤቲቱ ልቧ ሳይስት ልጇ ስለምን ፈረመላት ብሎ ጠየቀ። ያለ እርስዎ ፊርማ ሥራዬ አይታተምም፤ ለዚህ ነው የላክሁት። ስለ ቀኑ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ይዘኑብኝ፣ ይገባኛል። ዝም ግን አይበሉኝ።

ጸሎት


ፒያሳ
ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጸሎት፣

ሰላምታውን ዛሬ ተዪው።

እኔና እናትሽ ሠላሳ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖርን። በእናንተ ፋሲካ ድፎውን እንጂ ሥጋውን አልቀመስኩም፤ በእኛ ኢድ እሷ ሩዙን እንጂ ሥጋውን አልነካችም። አንቺ የምትበዪበት ሳህን እኔ ቤት ለብቻው ነበር፣ ጥሩነሽ ቅር እንዳይላት። ሥጋ ሳንበላላ ሠላሳ ዓመት ተዋደድን። አንቺ ግን የራሴን ሥጋ አነሳሽ።

ኢርፋንን ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲገባ ዓይኔን አያይም፤ ሳያነብ ፈርሞ ባንቺ ፈንታ እሱ ያፍራል። ለሼሁ ልንገራቸው ብዬ ወጣሁና ከመስጊዱ በር ተመለስኩ። ከሆድሽ የቱ ቦታ ነው ቢሉኝ ምን ልል ነው? በስድሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ ልናገር? አንሶላ ገዝቼ ተመለስኩ፤ ለምን እንደገዛሁት አላውቅም።

ሦስት ነገር መልሺልኝ። ያ ነገር በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ካለስ ምን ይበላል? ደግሞ ስሙን ስለምን አትጽፊውም? እጢ፣ እጢ ትያለሽ። ስድስት ጊዜ ጠብታ የተሰካብኝ፣ ጸጉሬ እንደ ገለባ የረገፈው ለእጢ ነው? ተማክራችሁ እንደደበቃችሁኝ አውቃለሁ። ካወቀች ትሞትብናለች ብላችሁ ነው። እኔም እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ የማላውቅ ሆኜ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ለማስመሰሉ እንኳ ከእናንተ የተሻልኩ ነበርኩ።

ወረቀትሽ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያንን ነገር ቅበሪው።

ከዲጃ


ጌንት
ሰኔ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ከዲጃ፣

ልጄ ብለው አልጀመሩም። አየሁት፤ የሚገባኝ ነው።

ካንሰር ነው። የእንቁልጢ ካንሰር፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ካሉት ከአንደኛው የተነሳ። ይህን ቃል ስንት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ተናግሬዋለሁ። ለእርስዎ ግን ኢርፋን «እባካችሁ እንዳትነግሯት» ሲል ሁላችንም እሺ አልን፤ ልማዳችን ነው ብለን። እኔ በልማዱ ተሸሸግሁበት፤ የእጢውን ስም የማያውቅ ሰው ስለ እጢው ብዙ አይጠይቅም።

በሕይወት አለ። የሚበላው ስኳርና ጨው ቫይታሚንም ያለበት ቀላ ያለ ውሃ ነው። በየሦስት ቀኑ የምለውጥለት እኔ ነኝ። ባለፈው ገና እንኳ በበዓል ቀን ሄጄ ለውጫለሁ።

ምን እንደምሠራበት ማወቅ አለብዎት፣ ሊፈቅዱልኝ ሳይሆን የእርስዎ ስለሆነ ነው። በካንሰር ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው መድኃኒት ሲያገኘው ይሞታል። ከሺህ አምስት ስድስት የሚሆኑት ግን ተኝተው ይቆያሉ፤ መድኃኒቱ ሲያልፍ ይነሱና ሁሉንም እንደገና ያበቅላሉ። የካንሰሩ ግንድ ሴሎች እንላቸዋለን። ሰርዶን ያስቡት፤ ከላይ ቢያጭዱት ሥሩ ካለ ይመለሳል። ሐኪሞች እስካሁን የሚያጭዱት ሣሩን ነው። የእኔ ሥራ ሥሩን ከሣሩ መለየት ነው፤ የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ማንም ሊነቅለው አይችልም። እነሱን ብቻ አረንጓዴ አድርጎ የሚያበራ ማቅለሚያ አለ። ከአሥራ አራት ሴቶች ናሙና ውስጥ ተለይቶ፣ ለብቻው ተቀምጦ፣ እንደገና የበቀለው የእርስዎ ብቻ ነው። አንዲት ሴል ለብቻዋ ባስቀምጣት በአሥራ አራተኛው ቀን ትንሽ ኳስ ሆና አገኘኋት። ጮቤ ረገጥኩ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ያጨበጨቡለት ነገር እርስዎን ሊገድል የመጣ መሆኑ ትዝ አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ስለ ቀኑም አሁን ልናገር። ክፍት ይተዉት ያልኩት የቀዶ ጥገናውን ቀን ልሞላበት ነበር፣ ያኔ የፈቀዱ እንዲመስል። ፕሮፌሰሩ አላዘዘኝም፤ ሐሳቡ የራሴ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ልዋሽ ነበር፣ ያውም በእርስዎ እጅ ጽሑፍ።

ቅበሪው ብለዋል፤ እሺ። ቀኑን ይንገሩኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በየሦስት ወሩ የሚሰጡት የደም ምርመራ እንዴት ሆነ? በሁለቱም ደብዳቤዎ አላነሱትም። የዘለሉት ይመስለኛል።

አፉ ይበሉኝ።

ጸሎት


ፒያሳ
ነሐሴ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ጸሎት፣

እንደምን አለሽልኝ? ክረምቱ ከብዷል፤ ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል፣ ሲንጀሬን ወደ ጓዳ አስገባኋት። ስለ ደሙ ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፣ አትዝለዪ።

አዳነችን ታስታውሺያታለሽ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትሸጥ የነበረችው፣ ከእኛ በታች ሦስተኛው በር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ምላሷ ግን ለአሥር ይበቃል። በግንቦት ቀሚስ እንድለካላት መጣች። በሐምሌ ተመልሳ «እስቲ ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ፣ ጥጋብ ነው መሰለኝ» አለች። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር ስምንት ሴንቲ ሜትር ጨምራለች። ክንዷ ደግሞ ከስቶ እጅጌው ይወዛወዛል። የጠገበ ሰው በሆዱ ብቻ አይወፍርም። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ሰበረች። ያን ጊዜ ገባኝ።

እንዴት አይገባኝ፤ እኔም በዚያ ዓመት ለራሴ ሰፍቼ ነበር። ከደረት ሥር እጥፉን አበዛሁበት፣ ጨርቁንም ከበድ ያለ መረጥኩ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመት የሆነኝ ሴት ሆዴ ሲገፋ ሰፈሩ ምን እንደሚል ይጠፋሻል? «ከዲጃ ለእርጅናዋ ጧሪ ልትወልድ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሰፈራችንን ለቀልድ ማን ይችለዋል? አዳነችም ስቃለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በገዛ ስፌቴ ውስጥ ተደበቅሁ። ሐኪም ሆዴን ከሚዳስሰኝ፣ ሰው ከሐኪም ቤት ስወጣ ከሚያየኝ፣ ቢበላኝ ይብላኝ አልኩ። ሞት አላስፈራኝም ልጄ፤ አፈርኩ። በስምንተኛው ወር ወድቄ ነው ኢርፋን በግድ የወሰደኝ። ቀድሜ ብሄድ የዛሬው ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ የደበቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

አዳነችን አልሰፋልሽም አልኳት። ጨርቋን መንጭቃ ልትወጣ ስትል በሩን ዘጋሁና ቀሚሴን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት። ከነርሶቹ በቀር ጁወይሪያ እንኳ አይታው አታውቅም። «ካንሰር ነው የወጣልኝ» አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ «ሳቄን አፉ በይኝ» አለችኝ፣ በእኛው ቋንቋ። በማግስቱ ጁወይሪያ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ፈርሜበታለሁ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ ሰርዶውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ እንግዲህ። ለአዳነች የሚሆን ነገር ከወጣው ይኑር፣ ለጁወይሪያም አላህ አያድርስባትና። ቀኑን ግን እኔው ሞልቼዋለሁ፤ የዛሬን። ያን ጊዜ ያልፈቀድኩትን ያን ጊዜ ፈቀድኩ አልልም። ይህ ሥራሽን ቢያበላሽ አዝናለሁ፤ አልለውጠውም።

ሥጋውን አፉ ብዬሻለሁ። «ሁሉም ነው» ያልሽኝን ግን ገና አልቻልኩም። በየሶላቱ እሞክራለሁ፤ አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል።

የደሙ ምርመራ ቁጥር ከፍ ብሏል። ሰርዶሽ ተመልሷል ይላሉ፣ በጉበቴ ዳር። በዚህ ጊዜ ለእኔ ነው የነገሩኝ፣ ለኢርፋን የነገርኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ከመስከረም ጀምሮ እወስዳለሁ።

ያሳደግሁሽ ከዲጃ


ጌንት
ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ከዲጃ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አሳለፉ። መድኃኒቱ እንዴት ይዞዎታል? አፍዎ ቆስሎ እንደሆነ በረዶ ይያዙበት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አጠገብዎ ሆኜ የምሰጥዎ ግን እኔ አይደለሁም።

ወረቀቱን እንዳለ አስረከብኩ። ቀኑን አይተው ጠየቁኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፦ ቢላዋውን፣ ኢርፋንን፣ ባልዲውን፣ ክፍት ይተዉት ያልኩትን ቀን። ለእርስዎ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን የፈጀብኝን ለእነሱ በሃያ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ጨረስኩት። በዚህም አፈርኩ።

ወስነዋል። ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነገር በኋላ በመጣ ፈቃድ አይጸዳም አሉ። ጽሑፉ አይታተምም፤ ሦስት ዓመት የሠራሁትም ይሰረዛል፣ ካሻኝ ከሌላ ሰው ናሙና እንደ አዲስ ልጀምር። ሴትየዋ ዛሬ ከልቧ ፈቅዳለች እኮ ብዬ ደብዳቤዎን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። አንዲቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሷን እናምናታለን፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልተከራከርኩም።

ሴሎቹ ይጥፉ ተብሏል፣ ማክሰኞ ኅዳር 13። እዚህ ከላብራቶሪ የሚወጣ የሰው ሥጋ የሚጠፋው በእሳት ነው። ይህንን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። ይሰጠኝና ልቅበረው ብዬ አመለከትኩ፣ ከለከሉኝ። እንደገና አመለከትኩ፣ እንደገና ከለከሉኝ።

የማቀዝቀዣው ቁልፍ እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ጋ ነው። ያለው ሁሉ ጣት በማያህሉ ዘጠኝ ቱቦዎች ውስጥ ነው፤ የካፖርት ኪስ ይበቃቸዋል። እዚህ የሞሮኮ ሙስሊሞች የሚቀበሩበት ቦታ አለ፤ ሄጄ አንድ ሽማግሌ አነጋግሬያለሁ፣ ከአጥሩ ሥር ቦታ አሳይተውኛል። ብያዝ ያባርሩኛል፤ እሱ ግድ የለም።

ልስረቀው? በመጀመሪያው ጊዜ አልጠየቅሁዎትም። አሁን እየጠየቅሁ ነው፤ ያሉኝን አደርጋለሁ። ፖስታው እንዳይዘገይ ወደ አገር ቤት በሚገቡት በአቶ ገብረሕይወት እጅ ልኬዋለሁ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሱቅዎ ድረስ ያመጡታል፣ መልሱንም ይዘው ይመለሳሉ።

ጸሎት


ፒያሳ
ጥቅምት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ጸሎት፣

ጽሑፉ የጁወይሪያ ነው፤ መድኃኒቱ ጣቴን ስለሚያደነዝዘኝ ብዕር አልጨብጥ አለኝ። ቃሉ የእኔ ነው። እሷም እየጻፈች ስለሆነ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የማያውቅ የለም።

አቶ ገብረሕይወት ጨዋ ሰው ናቸው። ሻይ ጠጥተው ውጭ ቆመው ይጠብቁኛል፣ ስለዚህ አላንዛዛም።

አትስረቂ። አንድ ጊዜ ይበቃል።

ለሼሁ ነገርኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ከበሩ አልተመለስኩም። የሆድሽ የቱ ቦታ ነው አላሉኝም፤ ሳፍር የኖርኩት በከንቱ ነው። ደንቡ መቅበር ነው፣ ያልተቻለ እንደሆነ ግን አላህ የሰውን አቅም ያውቃል አሉኝ። እሳቱን ተዪው። ለቁራጭ ሥጋ የሚሆን የዱንያ እሳት ነው፤ እኔ የምፈራው ሌላውን ነው።

አዳነች ኦፕራሲዮን ሆናለች። በጊዜ ነው የመጣችው አሏት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነርሶቹን ስታስቅ ነው ያገኘኋት፤ ቀሚሷንም አሁን በልኳ ሰፍቼላታለሁ።

ስለ ሥራሽ አዝኛለሁ። ዋሽቼ ብፈርምልሽ ኖሮ ይኼኔ ዶክተር ትባዪ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይህን ሳስብ እኔም ፊቴን እሸፍናለሁ። ግን ደግሜ ብፈርምም የምጽፈው ያንኑ ቀን ነው።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። በእኛ ሰፈር ብቻውን የተቀበረ ሰው ታውቂያለሽ? ያ ተክላይ ውቤ በረሃ ሲጠጣ ኖሮ፣ ዘመድ ሳይኖረው በረንዳ ላይ ሲሞት እንኳ ቄሱም ሼሁም መጥተው፣ እኔና እናትሽ ነጠላ አዘቅዝቀን ሸኝተነዋል። የእኔም ቁራጭ ብቻዋን አትሂድ። ማክሰኞ ሲያቃጥሏት ሥራ አለብኝ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ አፍሬም እንዳትይኝ። ሄደሽ አጠገቧ ቁሚ። ምንም አትበዪ፣ ዱአውን እኔ አደርጋለሁ። አንቺ ቁሚ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው።

ፖስታ አይደርስምና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ደውለሽ ንገሪኝ። ከቻልኩ እኔም እዚህ እቆማለሁ፤ ካልቻልኩም ተቀምጬ እሸኛታለሁ።

እናትሽ ከዲጃ